ሃያ ሚሊ ሜትር የቦሌ አፈር

ሥራዬ ሌሊት ተነስቶ ጭቃ ማየት ነው ስላት እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች። "ለዚህ ነው እንዴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ያስተማርኩሽ?" አለች። እውነቴን ነበር። በ1974 ዓ.ም. በአንድ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ረዳት ቴክኒሽያን ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ሳምንት ከቦሌ መንገድ ዳር የወጣ ናሙና መጣልን። ከሁለት ሜትር ተኩል ጥልቀት በብረት ቱቦ የተነሳ፣ ርጥበቱ እንዳይሸሽ ጫፍና ጫፉ በሰም የተደፈነ። የደረሰን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። በአንዱ ጫፍ ሰሙ መንገድ ላይ ተሰንጥቆ ስለነበር አለቃችን "ይደር" አላለም። አየር ካገኘው ነገ የምናነበው ቁጥር የቦሌ ሳይሆን የእኛ መደርደሪያ ቁጥር ነው አለ።

በቀጭን ሽቦ ቆረጥነው። የተቆረጠው ፊት እንደ ሳሙና ያብለጨልጫል። ቁመቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት ውስጥ ከተን፣ ከላይና ከታች ውሃ የሚያሳልፍ ድንጋይ አድርገን፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክብደቱን አንጠለጠልንበት። ከዚያ በኋላ ያለው ማንበብ ብቻ ነው። በ15 ሰከንድ፣ በ30 ሰከንድ፣ በ1 ደቂቃ፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በ15፣ በ30፣ በ1 ሰዓት፣ በ2፣ በ4፣ በ8፣ በመጨረሻም በ24 ሰዓት። የስምንተኛው ሰዓት ንባብ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ዋለ። ጊዜው የሰዓት እላፊ ስለሆነ ቤት ሄዶ መመለስ አይታሰብም። ዘበኛው ጋቢውን አዋሰኝና ሁለት ወንበር ገጥሜ ጋደም አልኩ።

አፈሩ ምን ያህል እንደታመቀ የሚያሳየው የዳያል ጌጁ መርፌ መጀመሪያ ላይ ሮጠ። ለማንበብና ለመጻፍ እጄ አልደርስ ብሎ ነበር። ሠላሳ ደቂቃ ላይ አዘገመ፤ ሰዓቱ ሲሞላ የቆመ መሰለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በባትሪ መብራት ሳየው ከአራተኛው ሰዓት ንባብ የፈቀቀው ከሁለት ጭረት አይበልጥም። ለሁለት ጭረት ነው እንዴ ያደርኩት ብዬ ተናደድኩ።

ጠዋት አለቃችን ቅጹን ገልብጦ ጀርባው ላይ ሒሳብ ጀመረ። ልደታ ከነበረው ሕንጻ ኮሌጅ የተመረቀ ሰው ነው፤ ስዊድኖች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ1954 ከመሠረቱት። "ጠላ ሲጠለል አይተሻል?" አለኝ። "ጨርቁን ስትጫኚው ቶሎ የሚወጣው ፈሳሹ ነው። አተላው በወፈረ ቁጥር ግን ፈሳሹ መውጫ ያጣል። ይህም አፈር እንደዚያው ነው።"

ነገሩን እንደሱ አሳጥሬ ልናገረው። ውሃ የጠገበ ሸክላ አፈር ላይ ሸክም ስታስቀምጡ በመጀመሪያው ቅጽበት ሸክሙን የሚችለው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ውሃ ነው፤ ቅንጣቶቹ ገና ምንም አልሰሙም። ውሃው ተጨንቆ መውጫ ይፈልጋል። አሸዋ ቢሆን ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ወዲያው ወጥቶ ያልቃል። በሸክላ ውስጥ ግን መንገዱ ከጸጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ስለሆነ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚወጣው። በወጣው ልክ ሸክሙ ከውሃው ወደ ቅንጣቶቹ ይዛወራል፣ ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ መሬቱም ይቀመጣል። "ቤቱ ተቀመጠ" የምንለው ይህን ነው።

ዋናው ምስጢር ያለው ግን ጊዜው ላይ ነው። ውሃው የሚሄድበት መንገድ ሁለት እጥፍ ሲረዝም ጊዜው ሁለት ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ አሥር እጥፍ ሲረዝም መቶ እጥፍ። የእኔ 20 ሚሊ ሜትር ዋና ሥራውን፣ ማለት ከመቶ ዘጠናውን፣ በ45 ደቂቃ ግድም ጨርሷል። አለቃችን ብዕሩን ሳያነሳ ቀጠለ። ቦታው ላይ ያለው ሸክላ 4 ሜትር ውፍረት አለው እንበል። የቀለበቴ 200 እጥፍ ነው። 200 በ200 ሲባዛ 40,000። 45 ደቂቃን በ40,000 አባዢው። አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ደቂቃ ወጣ፤ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ። ይህም ውሃው ከላይም ከታችም መውጫ ካገኘ ነው። ከስር ያለው ዓለት ውሃ የማያሳልፍ ከሆነና መውጫው ወደ ላይ ብቻ ከሆነ መንገዱ እጥፍ ይሆናል፤ ጊዜው አራት እጥፍ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያልፋል።

ቅጹን መለሰልኝ። "አንቺ አንድ ሌሊት ነው ያደርሽው" አለ።

ይህን ሒሳብ ለዓለም የሰጠው ካርል ተርዛጊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ፕራግ ተወልዶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለማስተማር ኢስታንቡል የገባ መሐንዲስ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን መመርመሪያዎች የሠራው ከሲጋራ ሳጥንና ከተጣለ ዕቃ እየለቃቀመ ነበር። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1925 ቪየና ላይ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ቦሌ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ነበር።

የምሥራቁን አዲስ አበባ ታሪክ ሰዎች በመንገድና በሕንጻ ይቆጥሩታል። እኔ ስለለመደብኝ በአፈር እቆጥረዋለሁ። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተቀመጠችው ከእንጦጦ ግርጌ ባሉት ጉብታዎች ላይ ነው። ግቢው ኮረብታ ላይ፣ የመኳንንቱ ሰፈር ኮረብታ ላይ፣ አራዳ ጊዮርጊስም ከፍታ ላይ። እዚያ ያለው አፈር በአብዛኛው ቀይ ነው። ዝናብ ይጠጣል፣ ያሳልፋል፣ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለዋወጥም። ውሃው ከእንጦጦ ወርዶ የሚተኛበት የቦሌ፣ የገርጂ፣ የጉርድ ሾላ፣ የአያት ሜዳ ግን ጥቁር ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣው ዓለት ውሃ በሚቋጥርበትና በጋ በሚያደርቀው ሜዳ ላይ ሲበሰብስ ልዩ ሸክላ ይሆናል። ቅንጣቶቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ናቸው፤ በገጾቹ መካከል ውሃ ሲገባ ያብጣሉ፣ ሲወጣ ይኮማተራሉ። ገበሬው መረሬ ይለዋል። ከአባይ ማዶና ከወሎ የመጡት ዋልካ ይሉታል፣ የአካባቢው ኦሮሞዎች ኮቲቻ። መሐንዲሶቻችን ደግሞ ብላክ ኮተን ይላሉ፤ ስሙ የመጣው ጥጥ ከሚበቅልበት የሕንድ ጥቁር መሬት ነው። ቦሌ ላይ ጥጥ ያየ ሰው ግን የለም።

ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ለመውረድ ሰባ ዓመት ያህል የዘገየችበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ይህ አፈር ነው ብል የሚከራከረኝ ይኖራል፤ ሐምሌ ላይ ገርጂ ሜዳ ጫማው ተውጦ የቀረበት ሰው ግን አይከራከረኝም።

አባቴ ጭቃ ቤት ሠሪ ነበር። ከቡልጋ መጥቶ በኋላ ቦሌ በተባለው ዳርቻ ሰፈረና ከገበሬዎችና ከአየር ማረፊያው የቀን ሠራተኞች ሥራ እየተቀበለ ይሠራ ነበር። ማንበብ አይችልም፤ ግን ከአለቃዬ ሒሳብ ግማሹን ያውቀዋል። ወጋግራ የሚተክለው በጥርና በየካቲት፣ መሬቱ ተኮማትሮ ንቃቃቱ በተከፈተበት ወቅት ነው። ልጅ ሆኜ ከእኔ ቁመት የማያንስ ሸምበቆ ንቃቃቱ ውስጥ ከትቼ ጠልቆ ሲቀር አይቻለሁ። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ንቃቃቱ ከሚደርስበት በታች ድረስ ነው። የባሕር ዛፉን ግንድ ጫፍ እሳት ያስነካውና የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል፤ ይህ ለምስጥ ነው። ማገሩን ያስራል፣ ጣራውን ያለብሳል፣ ከዚያ ምርጊት።

ምርጊቱ ራሱ አንድ ሙያ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይረገጥና እንደ ሊጥ ይቦካል። ለቀናት እየታየ፣ ውሃ እየተጨመረበት፣ እንደገና እየተረገጠ። ሽታው ሲከረፋ ደርሷል ማለት ነው። ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የቦካው ግን ጭዱን አቅፎ ይይዛል። አባቴ ጥቁሩን አፈር ብቻውን አይጠቀምም ነበር፤ ከላይ ሰፈር በአህያ የመጣ ቀይ አፈር ይቀላቅልበታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህ ነው። የመጀመሪያውን ምርጊት መርጎ የመጨረሻውን ልስን አይሠራም። "ቤት አንድ ክረምት ሳይጠጣ አይለሰንም" ይላል። ባለቤቶቹ ይቸኩላሉ፤ ሰርግ አለብን፣ ለፋሲካ እንግባበት ይላሉ። "ግቡበት" ይላቸዋል፤ "ልስኑን ግን ለመስቀል እመጣለሁ።" ክረምቱ ያልፋል። መሬቱ ያብጣል፣ ግንዶቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ምርጊቱ እዚህም እዚያም ይነቃል። መስከረም ላይ ይመጣና ንቃቱን ሞልቶ ይለስናል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ሴቶቹ ግድግዳውን በእበትና በአፈር ይለቀልቁታል። ለበዓል ማማር ነው የምንለው ልማድ ለመረሬ ሰፈር ዓመታዊ ጥገና ነበር። የጭቃ ቤት ከመሬቱ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ይነቃል፣ ይጠገናል። ቀላል ስለሆነ አይሰምጥም፣ ተለማጭ ስለሆነ አይሰበርም። ዘመናዊ ያልነው የብሎኬት ቤት ከመጣ በኋላ ነው ንቃት ነውር የሆነው።

መጠበቅ የአባቴ ብቻ ብልሃት አይደለም። ጣሊያን አገር የፒሳው ዘመም ያለ ግንብ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1173 ነው፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ በ1178 ገደማ ሥራው ተቋረጠና ወደ መቶ ዓመት ቆመ። ያቋረጠው ጦርነት ነበር እንጂ ጥበብ አይደለም። ግን በዚያ መቶ ዓመት ከስሩ ያለው ሸክላ ውሃውን አውጥቶ ጠነከረ። የዘመኑ መሐንዲሶች አስልተው እንደደረሱበት፣ ያኔ ሳያቋርጡ ቢቀጥሉ ግንቡ ገና ሳያልቅ ይወድቅ ነበር። ይህን ያነበብኩት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። ብነግረው ደስ ይለው ነበር።

ወደ ቦሌ ልመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 እ.ኤ.አ. በረራ ሲጀምር አውሮፕላኖቹ ሲ-47 ነበሩ፤ ተጭነው ከ12 እስከ 14 ቶን የሚመዝኑ። ለእነሱ የልደታው አውሮፕላን ሜዳ ይበቃ ነበር። የጄት ዘመን ሲመጣ ቦይንግ 720 ቢ ታዘዘ፤ ሲነሳ ከ100 ቶን በላይ ነው። የልደታ ሜዳ ይህን አይችልም። አዲሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ቦሌ ሜዳ ላይ ተሠርቶ በ1962 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ሰፊ፣ ሜዳ፣ ነፋሱ ክፍት፣ ሰው ያልበዛበት ቦታ ነው። ለአብራሪ ገነት ነው፤ ለአፈር ቴክኒሽያን ደግሞ የራስ ምታት።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ከባድ ስለሆነ መሬቱን ያሰምጠዋል ይላል። ጎማው ግን ያለፈበትን ቦታ የሚረግጠው ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው፤ ውሃው ከሸክላው ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፣ ስለዚህ በዚያ ሸክም መሬቱ አይቀመጥም። መሬቱን የሚያስቀምጠው የማይነሳው ሸክም ነው። ከስር የተደለደለው ሙሌት፣ የመንደርደሪያው የራሱ ውፍረት፣ ዳር ላይ የቆመው ሕንጻ። ጥቁር አፈር ላይ መንገድም ሆነ መንደርደሪያ የሚሠራ ሰው ለዚህ ነው ጥቁሩን አንስቶ በገረጋንቲ የሚተካው፣ ከዳርና ከዳር ውሃ እንዳይገባ ቦይ የሚያወጣው። አባቴ በዚያ ግንባታ ለጥቂት ወራት ድንጋይ ተሸክሟል። "ፈረንጆቹ አፈሩን ጠልተውታል" ይል ነበር እየሳቀ፤ "እየጫኑ ይወስዱታል።"

ጥቁሩን አፈር ያልጠላው ሌላ ተቋም ከዚያው ሜዳ አልፎ ነበር። በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ መካከል በ1974 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ግቢው ራሱ መረሬ ላይ ነው። እዚያ የነበሩ ተመራማሪዎች ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆነው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንኑ አፈር ለእርሻ እንዴት እንደሚገሩት ሲሠሩ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ እንዲህ ያለ ጥቁር መሬት እንዳለ፣ ከዚያም ከግማሽ በላዩ በደጋው እንደሆነ በሰፊው የታወቀው በእነሱ ጊዜ ነው። ችግሩ ለገበሬም ያው ውሃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መሬቱ ጠግቦ ይዋኛል፣ ዘር ይበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬው ዝናቡ እስኪቀንስ ይጠብቅና በቀረው ርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። የተመራማሪዎቹ መላ ሁለት የአገር ማረሻ አጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ መሥራት ነበር፤ ትርፉ ውሃ በቦዩ ሲወጣ ቀድሞ መዝራት ይቻላል። አንድ ጊዜ ለሥራ ወደዚያ ግቢ ሄጄ መሣሪያውን አየሁት። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እኛ ከሕንጻ ስር ውሃ እንዳይገባ ስንታገል እነሱ ውሃ እንዲወጣ ይታገላሉ፤ አፈሩ ግን አንድ ነው። ኢልካ በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ ኢልሪ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው፤ ሁላችንም በዓይናችን ያየነው ነው። ሲኤምሲ ከጣሊያን ተቋራጭ ስም ጋር የቀረ ሰፈር ሆነ። በ2004 እ.ኤ.አ. የኮንዶሚኒየም ሙከራ ገርጂ ላይ ተጀመረ፤ ከዚያ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ እያለ ከተማው ሜዳውን ጨረሰው። የቀላል ባቡሩ መስመር በ2015 እ.ኤ.አ. አያት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ ሰባተኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ ስለ መሠረት ነበር፤ የሕንጻ አዋጁም ቁጥር 624/2001 ሆኖ ወጥቷል። ወረቀቱ አለን። የላቦራቶሪ ሰው እጥረትም ያን ያህል የለብንም፤ ከፕሮፌሰር ዓለማየሁ ተፈራ የአፈር መካኒክስ መጽሐፍ ያልተማረ የመሠረት መሐንዲስ በእኔ ዘመን አላጋጠመኝም። የጎደለው ጊዜ ነው። ደንበኛው ይመጣል፣ ጉድጓዱ ዛሬ ይቆፈር ይላል፣ ሪፖርቱ አርብ ይድረስልኝ ይላል። የ24 ሰዓት ንባብ ነው፣ ክብደቱም በየቀኑ እጥፍ እየሆነ አምስትና ስድስት ቀን ይሄዳል ስንለው "ሌላ ላቦራቶሪ በሁለት ቀን ይሰጠኛል" ይላል። እውነቱን ነው፤ የሚሰጥ አለ።

ረጃጅሞቹ ሕንጻዎች ብዙም አያስፈሩኝም። ምድር ቤታቸው ጥቁሩን ቆርጦ ያልፋል፣ ካልሆነም በፓይል ዓለት ይፈልጋሉ። የሚያስፈሩኝ ትናንሾቹ ናቸው። አጥር፣ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ፣ የግቢ ንጣፍ፣ የውጭ ደረጃ፣ የፍሳሽ ቱቦ። እነዚህ በአፈሩ ላይ የሚጥሉት ጫና ብዙ ጊዜ አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ ከሚገፋው ያነሰ ነው። አፈሩ ያነሳቸዋል፣ በጋ ደግሞ ይጥላቸዋል። ማመን የሚከብደው ቤቱ ውስጥ ይሞክረው። ደርቆ የተፈጨ የመረሬ ዱቄት 10 ሚሊ ሊትር በመለኪያ ብርጭቆ ይዛችሁ ውሃ ሙሉበትና እስከ ማግስቱ ተዉት። ከቦሌ ከመጣ 20 ሲሞላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ቤቷን እንዴት ሠራች ትሉኝ ይሆናል። በመጥፎ ሁኔታ። በቤት ሥራ ማኅበር ሰሚት አካባቢ ቦታ ደርሶኝ በ1996 ዓ.ም. አስጀመርኩ። ስሙን ከማልጠራው ተቋራጭ ጋር የተስማማነው ጥቁሩ ተነስቶ ሙሌቱ ገረጋንቲ እንዲሆን ነው። መሠረቱ በወጣ ሰሞን ለሥራ ጅማ ተላክሁ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ስመለስ የመሠረቱ ቦይ ተሞልቶ፣ ተረግጦ፣ ሃርድኮሩ ተደልድሎ አገኘሁት። አንዱን ጥግ በአካፋ አስከፈትኩ። ጥቁር ነው። የቆፈሩትን አፈር መልሰው ከተውታል። ፎርማኑ "እህቴ፣ ከዚሁ የወጣ አፈር ወደዚሁ ቢመለስ ምን ይሆናል?" አለኝ። ገንዘቡ አልቋል፤ ማኅበሩ ይጣደፋል። ዝም አልኩ። አባቴ ቢኖር ዝም አይልም ነበር።

የመጀመሪያው ስንጥቅ በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ ከሳሎኑ መስኮት ጥግ ተነስቶ በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ወረደ። ልስን ሠሪ አልጠራሁም። እንደ ሥራዬ ልማድ ስንጥቁ ላይ እንደ ሁለት ጣት ሰፊ የሆነ ጀሶ ለጠፍኩና ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩበት። ጀሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። በየካቲት ተሰበረ። አዲስ ለጠፍኩ። በክረምት ስንጥቁ ጠበበ፣ በበጋ ተከፈተ።

ጥፋተኛውን ያገኘሁት መሰለኝ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቴ የእትዬ ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ ውሃውን ከስር እየመጠጠ አፈሩን ያደርቃል፤ ያ ጥግ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። እትዬን ለምኜ፣ ለመቁረጫውም እኔ ከፍዬ፣ በ2004 ዓ.ም. አስቆረጥኩት። አንድ ክረምት፣ ሁለት ክረምት አለፈ። ያ ጥግ መነሳት ጀመረ። ለሃያ ዓመት ያህል በዛፉ የደረቀው አፈር አሁን የሚመጥበት ስላጣ ቀስ በቀስ እየጠገበ፣ እያበጠ ነበር። ስንጥቁ ቦታውን ለውጦ ከመስኮቱ በላይ ወጣ። ይህን አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ፤ መጽሐፍ ላይ አለ። እትዬ ቡና ልትጠጣ መጥታ ቀና ብላ አየችውና "ዛፌን በልተሽ ምን ተረፈሽ?" አለችኝ። እስከ ዛሬ በዚህ ትቀልድብኛለች።

ያኔ ጣሪያውን ዙሪያውን አሸንዳ አስገባሁለት። ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ሲሚንቶ አስነጥፌ ውሃው ከቤቱ እንዲርቅ አዘነበልኩት። ከዚያ የቀረው መጠበቅ ነው። ልጆቼ ግድግዳው ይለሰን፣ ሰው ይመጣል ይሉኛል። ይቆይ እላለሁ።

ጀሶዎቹ አሁን አሥራ አንድ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኙ ተሰብረዋል። አሥረኛው በኅዳር 2011 የለጠፍኩት ነው፣ አሥራ አንደኛው ደግሞ በላይኛው ስንጥቅ ላይ በየካቲት 2013። ዛሬ ጠዋት በባትሪ መብራት አየኋቸው፤ ሁለቱም አልተሰበሩም። ልስን ሠሪውን ለመጪው መስቀል ቀጥሬዋለሁ።